ሌሊቱን የጋለቡት መልእክተኞች፦ ስለ ፖል ሪቪርና ስለ 1775ቱ የማንቂያ ጥሪ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቀኖቹ በሙሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቶቹ ግን እኛ በለመድነው አቆጣጠር ተጽፈዋል።

የዚያ ሌሊት ነገር ባጭሩ ምንድን ነው?

ኤፕሪል 18 ቀን 1775 ማታ፣ ቦስተን የሰፈረው የእንግሊዝ ጦር 700 ያህል ወታደሮች መርጦ ወደ ኮንኮርድ ከተማ በድብቅ ላከ። ወታደሮቹ ገና ጀልባ ሲሳፈሩ ወሬው ቀድሟቸው ወጥቶ ነበር። ፖል ሪቪርና ዊሊያም ዳውስ የሚባሉ ሁለት ሰዎች በተለያየ መንገድ በፈረስ ገስግሰው በየመንደሩ ያለውን ሚሊሻ ቀሰቀሱ፤ እነሱ የቀሰቀሷቸው ደግሞ ሌሎችን ቀሰቀሱ። ጎህ ሲቀድ ሌክሲንግተን ላይ ተኩስ ተከፈተ። ስምንት ዓመት የፈጀው የአሜሪካ የነጻነት ጦርነት የተጀመረው በዚያ ጠዋት ነው።

ልጁን አሜሪካ የሚያስተምር ወላጅ ይህን ታሪክ ሳያውቀው አይቀርም፤ ከነፈረሱ ሥዕል ቤቱ ድረስ ይመጣለታል። ችግሩ ሥዕሉ ላይ ያለው ፈረሰኛ አንድ ብቻ መሆኑ ነው። እዚህ ከሚነሡት ጥያቄዎች ግማሽ ያህሉም የሚመነጩት ከዚያ ሥዕል ነው።

ጦሩ ኮንኮርድ ምን ሊያደርግ ነው የሄደው?

መሣሪያ ሊያወድም። በዲሴምበር 1773 የቦስተን ሰዎች የእንግሊዝን ሻይ ባሕር ከጨመሩት በኋላ ለንደን ወደቡን ዘጋች፤ የማሳቹሴትስን የራስ አስተዳደርም ቆረጠች። ጄኔራል ቶማስ ጌጅ አገረ ገዥም የጦር አዛዥም ሆኖ ተሾመ። ሰፋሪዎቹ፣ ማለትም በእንግሊዝ ሥር የነበሩት የአሜሪካ ነዋሪዎች፣ በበኩላቸው የራሳቸውን የክፍለ ሀገር ሸንጎ አቋቁመው ባሩድ፣ መድፍ፣ ጥይትና ስንቅ ኮንኮርድ ውስጥ ማከማቸት ጀመሩ። ኤፕሪል 14 ቀን ጌጅን «ዝም ብለህ አትቀመጥ» የሚል መንፈስ ያለው ትእዛዝ ከለንደን ደረሰው። በአራተኛው ቀን በሌተናንት ኮሎኔል ፍራንሲስ ስሚዝ የሚመራውን ጦር አዘመተ።

ሌክሲንግተን ውስጥ ተጠግተው የነበሩትን የሰፋሪዎቹን መሪዎች፣ ሳሙኤል አዳምስንና ጆን ሃንኮክን፣ ለመያዝም ጭምር ነው የሚባለው የቦስተን ሰዎች ራሳቸው የፈሩት ነገር ነው። ጌጅ ለስሚዝ በጽሑፍ በሰጠው ትእዛዝ ውስጥ ስለ መያዝ የተጠቀሰ ነገር የለም።

ፖል ሪቪር ማን ነበር?

የ40 ዓመት ሰው፣ የቦስተን ብር አንጥረኛ። አባቱ በሃይማኖቱ ምክንያት ከፈረንሳይ የመጣ ስደተኛ ነበር። ሪቪር ከብር ዕቃ በተጨማሪ መዳብ ላይ ሥዕል ይቀርጽ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስም ይሠራ ነበር። የእንግሊዝ ወታደሮች ሰው የገደሉበትን የ1770ውን የቦስተን ጭፍጨፋ የሚያሳየው ታዋቂ ሥዕል የወጣው ከእጁ ነው፤ ንድፉን ግን ከሌላ ሠዓሊ ወስዶ ነው የቀረጸው።

በዚያ ሌሊት የጋለበው በአጋጣሚ አልነበረም። በ1773 የሻዩን ወሬ ወደ ኒውዮርክ አድርሷል፤ በ1774 የቦስተን አካባቢ ሰዎችን የተቃውሞ ውሳኔ ፊላዴልፊያ ወስዷል፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ በክረምቱ ብርድ ኒው ሃምፕሸር ድረስ ሄዶ ጦር ሊመጣ ነው ብሎ አስጠንቅቋል። በቦስተን ደግሞ ከሠላሳ በላይ የእጅ ሙያተኞች ያሉበት ቡድን አባል ነበር፤ ሁለት ሁለት እየሆኑ ሌሊት መንገድ ለመንገድ እየዞሩ የወታደሮቹን እንቅስቃሴ ይከታተሉ ነበር። ለመልእክተኛነቱ አበል ይከፈለው እንደነበር ሰዎች ሲሰሙ ይገርማቸዋል። ከጦርነቱ መጀመር በኋላ ለ17 ቀን ግልቢያ በቀን አምስት ሽልንግ ሒሳብ አቅርቦ፣ መንግሥቱ ወደ አራት ሽልንግ ዝቅ አድርጎ ከፍሎታል።

መልእክቱን ያደረሰው ብቻውን ነው?

አይደለም። ላኪው ዶክተር ጆሴፍ ዋረን ነው፤ ሐኪም ሲሆን በዚያ ሰሞን ቦስተን ውስጥ ከቀሩት ጥቂት የንቅናቄው መሪዎች አንዱ ነበር። ያን ማታ ሁለት ሰው ላከ፤ አንዱ ቢያዝ ሌላው እንዲያልፍ። ቦስተን ያኔ በቀጭን የመሬት አንገት ብቻ ከየብስ ጋር የተያያዘች ከተማ ነበረች። ቆዳ በማልፋት ሥራ የሚተዳደረው የ30 ዓመቱ ዊሊያም ዳውስ በዚያ አንገት ላይ ያለውን ኬላ አልፎ በደቡብ በኩል ዞሮ ሄደ። ሪቪር ደግሞ ወንዙን ተሻግሮ በሰሜን በኩል። ሦስተኛው፣ የኮንኮርዱ ወጣት ሐኪም ሳሙኤል ፕሬስኮት፣ የተቀላቀላቸው መንገድ ላይ ነው፤ ሌክሲንግተን ያለች እጮኛውን ጠይቆ ወደ ቤቱ ሲመለስ።

እነዚህ ሦስቱ ስማቸው የታወቀው ናቸው። ሌሊቱን ከየከተማው የተነሡትን ስንቆጥር ፈረሰኞቹ በአሥር የሚቆጠሩ ነበሩ።

ፋኖሶቹ የበሩት ለሪቪር ነው?

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ምልክቱን የላከው ሪቪር ነው፤ የተቀበለው አይደለም። ከሁለት ቀን በፊት ወንዝ ማዶ ቻርልስታውን ካሉት ኮሎኔል ዊሊያም ኮናንት ጋር ተነጋግሮ ነበር፦ ጦሩ በየብስ ከወጣ በሰሜኑ ቤተ ክርስቲያን የደወል ማማ ላይ አንድ ፋኖስ፣ በውሃ ከወጣ ሁለት። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ከቦስተን ማንም መውጣት ባይችል እንኳ ወሬው በብርሃን ይሻገራል። ያን ማታ የቤተ ክርስቲያኑ ጠባቂ ሮበርት ኒውማንና ጓደኛው ጆን ፑሊንግ ሁለት ፋኖስ አበሩ። «ውሃ» የተባለው ባሕር ሳይሆን የቻርልስ ወንዝ ነው።

ፋኖሱን የእንግሊዝ ወታደርም ሊያየው ስለሚችል ለአፍታ ነው ብርሃኑ የታየው። ቻርልስታውን ያሉት ሰዎች አይተው ሪቪር ሳይደርስ ሌላ ፈረሰኛ ልከው ነበር።

ከቦስተን እንዴት ወጣ? ፈረሱስ የማን ነበር?

ሁለት ጓደኞቹ በጀልባ አሻገሩት። ወንዙ መካከል 64 መድፍ የተጠመደባት ሶመርሴት የምትባል የእንግሊዝ የጦር መርከብ ቆማለች፤ ጨረቃም እየወጣች ነበር። ሳይታዩ አለፉ። ማዶ ሲደርስ የጆን ላርኪንን ፈረስ ተውሶ ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ ተነሣ። የፈረሱ ስም «ብራውን ቢዩቲ» ነበር የሚባለው ከቤተሰብ አፈ ታሪክ የመጣ ነው፤ ሪቪር ራሱ የጻፈው ጥሩ ፈረስ እንደነበረ ብቻ ነው።

ብዙም ሳይርቅ ዛፍ ሥር ሁለት የእንግሊዝ መኮንኖች አድፍጠው ጠበቁት። ፈረሱን አዙሮ አመለጠ፤ አንደኛው ሊያሳድደው ብሎ ጭቃ ውስጥ ተዘፈቀ። በዚህ የተነሣ ካሰበው አጭር መንገድ ወጥቶ በሜድፎርድ በኩል ዞረ፤ እዚያም የከተማውን የፈጥኖ ደራሽ ኃይል አዛዥ ከእንቅልፉ ቀሰቀሰ። ከሜድፎርድ እስከ ሌክሲንግተንም፣ እንደ ራሱ ቃል፣ ያላስነሣው ቤት የለም ማለት ይቻላል።

«እንግሊዞች መጡ!» እያለ ጮኸ?

አልጮኸም፤ ቢጮህም ትርጉም አይሰጥም ነበር። በ1775 የማሳቹሴትስ ገበሬ ራሱን የሚቆጥረው እንግሊዛዊ አድርጎ ነው፤ ጠቡም «የእንግሊዛዊነት መብታችን ተነካ» የሚል ነበር። የተባለው «መደበኛው ጦር እየወጣ ነው» ነው። መንገዱ ላይም ጠባቂ መኮንኖች ተሰማርተው ስለነበር፣ አገር ይሰማ ብሎ እየጮኹ መጋለብ ራስን አሳልፎ መስጠት ነበር። ሥራው በር ማንኳኳትና የሚፈለገውን ሰው ማናገር ነው።

ሌክሲንግተን እኩለ ሌሊት ላይ ሲደርስ የተፈጠረው ግን ከጩኸቱ አፈ ታሪክ ይልቅ ደስ ይላል። አዳምስና ሃንኮክ ባረፉበት የቄስ ጆናስ ክላርክ ቤት በር ላይ የቆመው ሳጅን ዊሊያም ሙንሮ «ቤተሰቡ ተኝቷል፣ አትረብሽ ተብሏል» አለው። ሪቪርም ረብሻውስ ብዙ ሳይቆይ ይመጣላችኋል፣ ጦሩ ወጥቷል ብሎ መለሰለት።

ሪቪር ኮንኮርድ ደረሰ?

አልደረሰም። ዳውስ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሌክሲንግተን ደረሰ፤ ጥቂት አረፉና አብረው ወደ ኮንኮርድ ተነሡ፤ ፕሬስኮትም ተቀላቀለ። ሊንከን የተባለው ቦታ ላይ የእንግሊዝ መኮንኖች ከበቧቸው። ፕሬስኮት አገሩን ያውቀዋል፤ የድንጋይ አጥር በፈረሱ ዘልሎ ጫካ ገባና ኮንኮርድ ደርሶ ደወሉን አስደወለ። ዳውስም አመለጠ፤ ግን ከፈረሱ ወደቀና በእግሩ ተመለሰ። የተያዘው ሪቪር ነው።

ሻለቃ ኤድዋርድ ሚቸል ሽጉጥ ግንባሩ ላይ ደቅኖ ጠየቀው። ሪቪር አንዳች አልደበቀም፤ እንዲያውም ጨመረላቸው፦ አገሩን ሁሉ ቀስቅሻለሁ፣ 500 ሰው አሁን ይደርሳል። ወደ ሌክሲንግተን ሲቃረቡ ተኩስና ደወል ሲሰማ መኮንኖቹ ነገሩ እውነት መሰላቸው። ፈረሱን ቀምተው ለቀቁት፤ የላርኪንም ፈረስ በዚያው ቀረ። ሪቪር በመቃብር ቦታ አቋርጦ በእግሩ ሌክሲንግተን ተመለሰ። ጎህ ሲቀድ የሃንኮክን ሰነድ የሞላ ሣጥን ከመጠጥ ቤቱ ፎቅ አውርዶ ከሌላ ሰው ጋር ተሸክሞ፣ በተሰለፈው ሚሊሻ መካከል አልፎ ሲሄድ ነው ተኩሱ ከጀርባው የተከፈተው።

በአንድ ሌሊት ያን ያህል ሰው እንዴት ተሰበሰበ?

ለእኔ የዚህ ታሪክ ዋናው ጥያቄ ይህ ነው፤ የሚጠየቀው ግን አልፎ አልፎ ነው። መልሱ የሚጀምረው ከሰባት ወር በፊት ነው። ሴፕቴምበር 1 ቀን 1774 ማለዳ የጌጅ ወታደሮች ዛሬ ሶመርቪል ከምትባለው ቦታ የባሩድ ማከማቻውን ባዶ አድርገው ወሰዱ። ወሬው ሲዛመት እየተጋነነ ሄደ፤ ጦሩ ሰው ገደለ፣ ቦስተን በመድፍ ጋየች ተባለ። በሺዎች የሚቆጠር ሰው መሣሪያ አንሥቶ ወደ ካምብሪጅ ነጎደ። የሞተ ሰው አልነበረም፤ ባሩዱ ግን ሄዷል። መሪዎቹ ከዚህ ሁለት ነገር ተማሩ፦ ሕዝቡ ሲጠሩት ይመጣል፤ አጠራሩ ግን የተበላሸ ነው፣ ይዘገያልም።

ስለዚህ አጠራሩን አደራጁት። በሕጉ መሠረት ከ16 እስከ 60 ዓመት ያለ ወንድ ድሮውንም የየከተማው ሚሊሻ አባል ነበር። ሸንጎው ከሚሊሻው አንድ አራተኛው ያህል ተለይቶ በተጠራበት ቅጽበት የሚነሣ ኃይል እንዲሆን መከረ፤ «ሚኒትመን» የተባሉት እነዚህ ናቸው። ጦር ሲወጣ ማን ለማን እንደሚነግር በየከተማው ተወሰነ። ደወል፣ ከበሮ፣ በተከታታይ የሚተኮስ ጠመንጃ፣ ኮረብታ ላይ የሚነድ እሳት፣ ከዚያም ፈረሰኛ፤ ሁሉም የየራሱ ቦታ ነበረው። ፈረሰኛ ያስፈለገው ደወል ዝርዝር ስለማይናገር ነው፤ ስንት ናቸው፣ በየት በኩል ናቸው፣ የት እንገናኝ የሚለውን የሚመልስ ሰው መሆን አለበት።

ሪቪር ይህን ሰንሰለት ያውቀዋል፤ ከሠሩትም አንዱ ነው። በየመንደሩ የማንን በር ማንኳኳት እንዳለበት ያውቃል፤ የሚሊሻው አዛዥ፣ ቄሱ፣ ሐኪሙ የት እንደሚያድሩ። አዛዡ ሲነሣ ከበሮው ይመታል፤ ከእሱም ቤት ሌላ ፈረሰኛ ወደ ቀጣዩ ከተማ ይነሣል። ሪቪር ተይዞ በእግሩ በሚመለስበት ሰዓት ወሬው እሱ ረግጦት የማያውቀው መንደር ገብቶ ነበር። እንግሊዞቹ ደግሞ ሳያውቁት ጊዜ ሰጧቸው፤ ከወንዙ ማዶ ረግረግ ውስጥ ስንቅ እስኪታደል ቆመው መንገድ የጀመሩት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ነው።

ጠዋት ምን ሆነ?

የሌክሲንግተኑ ካፒቴን ጆን ፓርከር ሰዎቹን ከሌሊቱ 7 ሰዓት አካባቢ ሰብስቦ ነበር። ጦሩ ሲዘገይ፣ ሌሊቱም ቀዝቃዛ ስለነበር፣ አትራቁ ብሎ በተናቸው። 11 ሰዓት ሊሆን ሲል ቃፊር እየጋለበ መጥቶ ደርሰዋል አለ፤ ከበሮ ተመታ፤ 77 ያህል ሰዎች ሜዳው ላይ ተሰለፉ። ተኩሱ ያበቃው በደቂቃዎች ውስጥ ነው፤ ከሚሊሻው 8 ሞቱ፣ 10 ቆሰሉ።

ጦሩ ኮንኮርድ ሲደርስ አብዛኛው መሣሪያ ከቦታው ተነሥቶ ነበር። በሰሜኑ ድልድይ ላይ ከተለያዩ ከተሞች የመጣ 400 ያህል ሚሊሻ ጠበቀው፤ ከዚያ በኋላ ወደ ቦስተን ሲመለስ መንገዱን ሙሉ ከአጥርና ከዛፍ ጀርባ ሲተኮስበት ዋለ። ሌላ 1,000 ያህል ወታደር መድፍ ይዞ ባይደርስለት ኖሮ የስሚዝ ጦር ቦስተን መግባቱ ያጠራጥራል። በዕለቱ 4,000 ገደማ ሚሊሻ ተካፍሏል። ከእንግሊዝ ወገን 73 ሞተው 174 ቆሰሉ፤ ከሰፋሪዎቹ የሞቱት 49 ናቸው።

ጥቁር ሰዎች በዚህ ታሪክ የሉም?

አሉ። ሌክሲንግተን ሜዳ ላይ ከቆሰሉት አንዱ ፕሪንስ ኢስታብሩክ ነው፤ ባሪያ ሆኖ ሳለ በፓርከር ጭፍራ ውስጥ ተሰልፎ ነበር። ከቁስሉ ድኖ በጦርነቱ አገልግሏል፤ በኋላም ነጻ ወጥቷል።

ሌላው ሪቪር ስለዚያ ሌሊት በጻፈው ደብዳቤ ውስጥ ነው ያለው። መኮንኖቹ የጠበቁትን ቦታ ሲገልጽ «ማርክ በሰንሰለት ከተሰቀለበት ፊት ለፊት» ይላል። ማርክ በ1755 ጌታውን በመርዝ ገድሏል ተብሎ የተሰቀለ ባሪያ ነው፤ ሬሳው ለማስፈራሪያ እዚያው ተትቶ ለዓመታት ቆየ። ሪቪር በ1798 ገደማ ይህን ሲጽፍ ከአርባ ዓመት በላይ ካለፈው በኋላም ያ ቦታ የመንገድ ምልክት ነበር። ስለ ነጻነት በተነገረ ታሪክ ውስጥ ይህ መስመር እንደ ተራ ነገር ሲታለፍ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ወሬውን ፊላዴልፊያ ያደረሰው አንድ ፈረሰኛ ነው?

እስራኤል ቢሰል የሚባል ሰው ብቻውን ከማሳቹሴትስ ፊላዴልፊያ ድረስ በአምስት ቀን ጋለበ የሚለው ታሪክ በየቦታው ይዞራል። የተጨበጠው ደብዳቤው ነው። ኤፕሪል 19 ጠዋት ዎተርታውን ላይ የተጻፈ አጭር መልእክት ነው፤ የያዘው ሰው አገሩን እስከ ኮኔቲከት ድረስ እንዲያስጠነቅቅ ታዟል፣ ትኩስ ፈረስ ስጡት ይላል። በየከተማው ሲደርስ ይገለበጣል፤ የደረሰበት ሰዓትና የተቀባዩ ፊርማ ይጨመርበታል፤ ከዚያ በሌላ ፈረሰኛ እጅ ይቀጥላል። ኤፕሪል 23 ኒውዮርክ፣ ኤፕሪል 24 ፊላዴልፊያ ገባ። ደብዳቤው ሲገለባበጥ የመጀመሪያው ፈረሰኛ ስም እንኳ አንዱ ቅጂ ላይ እስራኤል፣ ሌላው ላይ ሌላ ሆኗል። አምስት ቀን ያስቻለው ቅብብሎሹ ነው፤ አንድ ሰውና አንድ ፈረስ ያን መንገድ በዚያ ፍጥነት ጨርሰው በሕይወት አይገኙም።

ከሪቪር እጥፍ ጋለበች የምትባለው ልጅስ?

ሲቢል ሉዲንግተን ናት። እንደሚባለው ኤፕሪል 26 ቀን 1777፣ እንግሊዞች የኮኔቲከትን ዳንበሪ ሲያቃጥሉ፣ የ16 ዓመቷ ሲቢል በዝናብ ሌሊት 64 ኪሎ ሜትር ያህል ጋልባ የአባቷን የኮሎኔል ሄንሪ ሉዲንግተንን ሚሊሻ ጠርታለች። በ1961 ኒውዮርክ ካርመል ውስጥ ሐውልት ቆሞላታል፤ በ1975 ደግሞ በፖስታ ቴምብር ላይ ወጥታለች።

አባቷም እሷም የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ ዳንበሪም ተቃጥላለች። ግልቢያው ግን መጀመሪያ በኅትመት የታየው በ1880 ነው፣ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፤ በዘመኑ የተጻፈ ምንም ማስረጃ የለም። ሴት ልጅ መልእክተኛ ልትሆን አትችልም ለማለት አይደለም። ለልጆች ሲነገር «እንዲህ ይባላል» ተብሎ ቢነገር ይበቃል።

በማስረጃ የቆመ ሌላ ፈረሰኛ አለ?

አለ፤ የቨርጂኒያው ጃክ ጁየት። ጁን 3 ቀን 1781 ማታ ኩኩ ከሚባል መጠጥ ቤት አጠገብ የእንግሊዙ መኮንን የባናስትር ታርልተን ፈረሰኞች ሲያልፉ አየ። ገዥው ቶማስ ጀፈርሰንና የቨርጂኒያ ሕግ አውጪዎች ያሉት ሻርለትስቪል ነው፤ ወደዚያ እየሄዱ መሆኑን ገመተ። ዋናውን መንገድ ትቶ በጫካ መንገድ 64 ኪሎ ሜትር ያህል ጋልቦ ጎህ ሳይቀድ የጀፈርሰን መኖሪያ ሞንቲቼሎ ደረሰ። ጀፈርሰን አመለጠ፤ ከሕግ አውጪዎቹም ጥቂቶች ብቻ ተያዙ። ምክር ቤቱ ጥንድ ሽጉጥና ሰይፍ ይሸለም ብሎ ወሰነ፤ ሰይፉ እጁ የገባው ግን ሃያ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። ከሪቪር ይልቅ የጁየት ግልቢያ በርዝመትም በውጤትም እንደ ተረት ነው፤ ስሙን የሚያገንን ግጥም ግን አላገኘም።

ታዲያ ለምን የሪቪር ስም ብቻ ገነነ?

በግጥም። ሄንሪ ዋድስዎርዝ ሎንግፌሎ ስለ ሪቪር የጻፈው ግጥም በጃንዋሪ 1861 በመጽሔት ወጣ፤ አገሪቱ ወደ እርስ በርስ ጦርነት ስትንደረደር። ገጣሚው የፈለገው አንድ ሰው ተነሥቶ አገር ሲያነቃ ማሳየት ነበር፤ ስለዚህ ዳውስንና ፕሬስኮትን አስወጣ፣ ሪቪርን ወንዝ ማዶ አቁሞ ፋኖስ እንዲጠብቅ አደረገ፣ ኮንኮርድም አስገባው። ትውልድ በቃሉ አጠናው። ከዚያ በፊት ሪቪር ቦስተን ውስጥ በደንብ ይታወቅ ነበር፤ ግን በብር ሥራው፣ በሚያቀልጣቸው የቤተ ክርስቲያን ደወሎችና በ1801 በከፈተው የመዳብ ፋብሪካ ነው።

አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። በ1779 በፔኖብስኮት በተካሄደው ዘመቻ የአሜሪካኖቹ መርከቦች በሙሉ ለማለት በሚቻል ሁኔታ ወደሙ፤ ሪቪርም ትእዛዝ ባለማክበርና በፍርሃት ተከሶ በመጨረሻ በ1782 በጦር ፍርድ ቤት ነጻ ወጣ። ትእዛዜን አልፈጸምክም ብሎ አሳስርሃለሁ ያለው ጄኔራል ፔሌግ ዋድስዎርዝ ነበር። የገጣሚው አያት ነው።

ከቦስተን ማራቶን ጋር ምን ያገናኘዋል?

ቀኑ። ማሳቹሴትስ የኤፕሪል 19ኙን ውጊያ ለማሰብ ከ1894 ጀምሮ የአርበኞች ቀን ታከብራለች፤ ማራቶኑም ከተጀመረበት ከ1897 አንሥቶ በአብዛኛው የሚሮጠው በዚሁ በዓል ነው። ከ1969 ወዲህ በዓሉ በኤፕሪል ሦስተኛ ሰኞ ይውላል። ሪቪርንና ዳውስን የሚወክሉ ፈረሰኞችም በዚያ በዓል መንገዱን እንደገና ይጋልቡታል።

እኛ ይህን ቀን በፈረስ ሳይሆን በእግር ነው የምናውቀው። አበበ ቢቂላና ማሞ ወልዴ በ1963 ሮጠውበታል፤ አበበ አምስተኛ ወጣ። በ1989 አበበ መኮንን ለመጀመሪያ ጊዜ ለኢትዮጵያ አሸነፈ፣ ፋጡማ ሮባ ከ1997 እስከ 1999 ሦስት ጊዜ ተከታትላ። ሌሊሳ ዴሲሳ በ2013 ያሸነፈው ቦምብ በፈነዳበት ዕለት ነው፤ ሜዳሊያውንም ለቦስተን ከተማ መልሶ ሰጥቷል።

ምስጢሩን ለዋረን ማን ነገረው?

ብዙ ሰው የጌጅን ሚስት ማርጋሬትን ይጠረጥራል። የኒው ጀርሲ ተወላጅ ናት፤ ጌጅም ዘመቻውን የነገረው ለጥቂት ሰው ብቻ ነበር፤ በዚያው በጋ ወደ እንግሊዝ ላካት። ጥሩ ልብ ወለድ ይወጣዋል፤ ማስረጃ ግን አይደለም። ዋረን በሁለት ወሩ በባንከር ሂል ውጊያ ተገደለ፤ የነገረውን ሰው ስም አልተወም።

በእኔ ግምት አንድ ትልቅ ከዳተኛ መፈለግ አያስፈልግም። ጀልባዎቹ አስቀድመው ወደ መርከቦቹ ተጠግተዋል፤ ምርጥ ጭፍሮች ከመደበኛ ሥራቸው ተነሥተዋል፤ መኮንኖች በየመንገዱ ተሰማርተዋል። ወታደርና ነዋሪ በአንድ ጠባብ ከተማ፣ አንዳንዴም በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ ይህ አይደበቅም። ደግሞ መረጃ የሚያፈሰው አንድ ወገን ብቻ አልነበረም። የሪቪር ቡድን ያየውን ለእነማን ብቻ እንደሚናገር በመጽሐፍ ቅዱስ ይምል ነበር፤ ከተፈቀደላቸው አንዱ ዶክተር ቤንጃሚን ቸርች ነው። ቸርች የጌጅ ሰላይ ነበር። በዚያው ዓመት መጸው በምስጢር ፊደል የጻፈው ደብዳቤ ተይዞ ተጋለጠ።

የመጀመሪያውን ጥይት ማን ተኮሰ?

ሁለቱም ወገን ሌላውን ከሰሰ። የማሳቹሴትስ ሸንጎ ግን የመልእክትን ዋጋ ያውቃልና በቀናት ውስጥ ከዐይን ምስክሮች ቃለ መሐላ ሰበሰበ፤ ኩዌሮ በምትባል ፈጣን መርከብ ጭኖ በካፒቴን ጆን ደርቢ እጅ ላከው። የጌጅ ሪፖርት ቀድሞ ከተነሣ መርከብ ጋር ነበር። ኩዌሮ ግን ሜይ 28 አካባቢ ደርሳ ለንደን የሰፋሪዎቹን ታሪክ በጋዜጣ አነበበች፤ የጌጅ ወረቀት የመጣው ወደ ሁለት ሳምንት ገደማ ዘግይቶ ነው።

ሪቪርም ቃሉን ሰጥቶ ነበር። የሽጉጥ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ፣ ከዚያ ተኩሱ ቀጠለ አለ፤ ሚሊሻው በቤት ተከልሎበት ስለነበር ማን እንደ ጀመረ አላየሁም ማለት ነው። ኩዌሮ ላይ ከተጫኑት ቃለ መሐላዎች መካከል የእሱ አልነበረበትም።